አበባ እምቢ ያለው የጌጥ አፕል

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ከቶሮንቶ ስትመጣ ደጇ ካለው የጌጥ አፕል፣ እዛ ክራብ አፕል ነው የሚሉት፣ ፍሬ ይዛልኝ መጣች። ዘሩን እንደነገረችኝ እርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ ሦስት ወር ፍሪጅ አቆይቼ ስተክለው በቀለ። አሁን አራት አመቱ ነው፣ በቁመት በልጦኛል፣ ግን ቅጠል ብቻ! እሱም ክረምት ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ እያወጣ ይረግፋል። ልቁረጠው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ ቆይ አትቁረጪው። ዘሩን ፍሪጅ ያስገባሽው ብርድ ካላገኘ ስለማይነቃ ነው አይደል፣ ዛፉም እንደዛው ነው፣ አብዛኛው አይነት በየአመቱ ከ7 ዲግሪ በታች ብዙ መቶ ሰዓት ካልቆየ እንቡጡ በደንብ አይፈታም። ለዘሩ ፍሪጅ ሰጠሽው፣ ለዛፉ ከየት ታመጪለታለሽ? ጅማ 1,750 ሜትር አካባቢ ናት፣ ታኅሣሥ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ሞቆ ያበላሸዋል፣ አፕል ሲባል ጨንቻ የሚነሳውም ደጋ ስለሆነ ነው። ቡናን ታውቂው የለ፣ እንቡጡን ይዞ በጋውን ይጠብቅና ዝናብ ጠብ ሲልለት ግቢው ነጭ ይሆናል፣ ይሄኛው ደግሞ የሚጠብቀው ብርድ ነው።

ሌላው፣ ከዘር የበቀለ አፕል በአራት አመቱ ገና ልጅ ነው፣ ሲያብብም እናቱን ላይመስል ይችላል።

ነጠብጣቡ የፈንገስ ስራ ይመስለኛል፣ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲውል ነው የሚይዘው፣ ጅማ ደግሞ ዝናቧን ታውቂያለሽ። የረገፈውን ለቅመሽ አቃጥዪ፣ መሀል ላይ የታጨቀውን ቅርንጫፍ ቀንሺለት ንፋስ ይግባበት፣ ውሃ ስታጠጪ ስሩ ላይ ብቻ።

ከፈለግሽ አንድ ዘዴ አለ፣ ደጋማ የሞቃት አገር አፕል አምራቾች ያደርጉታል። ዝናቡ ሲያባራ ህዳር ላይ ቅጠሉን በሙሉ በእጅሽ ልቀሚው፣ ግን እንደ ጌሾ እንዳትገፍፊው፣ ቅጠሉ ከእንጨቱ የሚያያዝበት ቦታ ትንሽ እንቡጥ አለች፣ ጭራውን ትተሽ ቅጠሉን ብቻ ቁረጪ። ዛፉ እንቅልፍ ሳይወስደው እንዲነቃ ማታለል ነው በቃ። ግን ትንሽ ብርድ የሚበቃቸው፣ አና እንደሚባለው ያሉ የአፕል ዝርያዎች ላይ ነው በደንብ የሚሰራው፣ ያንቺ ላይ ዋስትና አልሰጥም።

እኔ ብሆን እሱን እየሞከርኩ ጎኑ ወልከፋ እተክላለሁ፣ በኦሮምኛ ዳኒሳ የሚሉትን ዛፍ። ነጭ አበባው ከሩቅ የአፕል ይመስላል፣ ንብ ይወደዋል፣ ብርድም አይለምንም። አበባው ሳይረግፍ ቡናማ ሆኖ ዛፉ ላይ ይደርቃል፣ ይሄ የሚያስጠላው ሰው አለ፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል።