በትንሽ ገንዘብ የመጀመሪያ መኪና፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሥራዬ ያገለገሉ መኪኖችን ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መመርመር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁና አቅማችሁ ውስን የሆነ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። የሚደጋገሙትን ሰብስቤ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለአንድ መኪና ልክ ይበቃል። ልግዛ?

መልስ፦ ያለህን ሁሉ ለሻጩ ካስረከብክ መኪናውን ገዛህ እንጂ መንዳቱን አልገዛህም። ስም ማዛወሪያ፣ ኢንሹራንስ፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ምናልባትም ባትሪና ጎማ ይጠብቁሃል። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው አንድ አምስተኛውን ማስቀረት ነው። በቀሪው የማይገዛ ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን እይ።

ጥያቄ፦ በኮሮላ ዋጋ አንድ ያረጀ የቅንጦት መኪና አግኝቻለሁ። የቆዳ ወንበር፣ ትልቅ ሞተር፣ ሁሉም ነገር አለው። ለምን ረከሰ?

መልስ፦ ባለቤቱ የሚቀጥለውን የጥገና ሒሳብ ስለሚያውቅ ይሆናል። መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። አዲስ ሳለ ውድ የነበረ መኪና ፍሬኑም፣ በአየር የሚሠራው ሞላውም፣ ኤሌክትሮኒክሱም እስከ መጨረሻው ውድ ነው። በውስን ገንዘብ የሚገዛ ሰው ብዙ ሰው የሚነዳውን፣ ማንኛውም መካኒክ የሚያውቀውን፣ ዕቃው በቀላሉ የሚገኘውን ይምረጥ። አሰልቺ ምክር ነው፤ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ የዐሥራ ሁለት ዓመት መኪና ሆኖ 60,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚለው። ይታመናል?

መልስ፦ ቁጥሩን ተዉትና እግር የሚያርፍበትን እዩ። የፍሬን ፔዳል ጎማ ጥርሱ ጠፍቶ ከለሰለሰ፣ መሪው በእጅ ብዛት ከተላሰና ካብለጨለጨ፣ የሾፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ካለው ጠርዝ ላይ ከተላጠ መኪናው ብዙ ሠርቷል። ፔዳሉ ብቻ አዲስ ሆኖ ሌላው ያረጀ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደተቀየረ ጠይቁ። የቆዩ የጋራዥ ደረሰኞችም ብዙውን ጊዜ ኪሎ ሜትር ተጽፎባቸዋል፤ በየዓመቱ ወደ ላይ መሄድ አለበት። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ አልደነቅም። በረጅም መንገድ 200,000 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት መኪና፣ ቆሞ ከከረመና በአጭር ጉዞ ብቻ ከተነዳው ይሻለኛል። ከመኪናው ጋር የምትገዙት የቀድሞው ባለቤት ያልሠራውን ሥራ ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ ስለ መኪና ምንም የማላውቅ ሴት ነኝ። ለማየት ስሄድ ሻጮቹ የሚያወሩት አብሮኝ ከመጣው ወንድሜ ጋር ነው። እኔ ራሴ ማየት የምችለው ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከወንድምሽ በላይ ማየት ትችያለሽ። ቀድመሽ ደውዪና ሞተሩን ሳያስነሡ እንዲጠብቁሽ ንገሪያቸው። ስትደርሺ ኮፈኑን በእጅሽ ንኪው፤ ሞቆ ከጠበቀሽ ቀዝቅዞ ሲነሣ እንዲታይ የማይፈለግ ነገር ሊኖር ይችላል። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሣ የዘይቱን ክዳን ፍቺና ከሥሩ እዪ። ነጣ ያለ ቡናማ አረፋ ካለ ውሃ ወደ ዘይቱ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ መኪናው በአጭር ጉዞ ብቻ የሚነዳ ከሆነም ጥቂት ሊታይ ስለሚችል የራዲያተሩን ውሃም ተመልከቺ። እዚያም ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ የቴስታታው ጋርኒሲዮን (ዘይቱና ውሃው እንዳይገናኙ የሚያደርገው የሞተሩ ማሸጊያ) ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ አመስግነሽ ተመለሺ። (ራዲያተር በሙቅ ሞተር ፈጽሞ አይከፈትም፤ ፊት ያቃጥላል።)

አሁን ይነሣ። አንቺ ከጭስ ማውጫው ጋር ቁሚ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው፤ ጥቁር ነዳጅ በዝቶበታል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ወፍራም ነጭ ጭስ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። በብርድ ጊዜ ለትንሽ ደቂቃ የሚታይ ስስ እንፋሎት አያስጨንቅሽ። ይህን ሁሉ ካለፈ መካኒክ ይዘሽ ተመለሺ፤ ሻጩ የሚጠቁምሽን ሳይሆን አንቺ የመረጥሽውን።

ጥያቄ፦ ግጭት እንደነበረበት እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ቀለም ይዋሻል፤ ቡሎን ግን አይዋሽም። ኮፈኑን ክፈቱና ማጠፊያውንና የጎን ላሜራዎቹን የያዙትን ቡሎኖች ተመልከቱ። ጫፋቸው ላይ ቀለሙ ከተፋቀ ቁልፍ ገብቶባቸዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በላሜራው ላይ ብታንሸራትቱ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ላይ መያዙን ይተዋል፤ ፕላስቲክና አሉሚኒየም ግን መጀመሪያውኑም አይዙም። የተቧጨረ ፓራውርት ምንም አይደለም። ሻንሲው ታጥፎ የተቃናውን ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ኤሲው ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ትንሽ ነገር ናት» አለኝ።

መልስ፦ የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም፤ ዝግ መሥመር ውስጥ የሚዞር ነው። ካለቀ የሚያፈስ ቦታ አለ። ትንሽ ነገር ከሆነች ደግሞ ለምን ሠርቶ በተሻለ ዋጋ አልሸጠውም?

ጥያቄ፦ ሞተሩ ሲነሣ የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት የለም። ጥሩ ነው አይደል?

መልስ፦ ቁልፉን አዙር፣ ሞተሩን ግን አታስነሣ። የሞተር፣ የኤርባግና የኤቢኤስ መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ሲነሣ ይጠፋሉ። ጭራሽ ካልበሩ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎት ሊሆን ይችላል። መካኒኩ በኮምፒውተር ሲያነብ ደግሞ የብልሽት ኮዱ በቅርቡ ተደምስሶ እንደሆነ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ስለ ታይሚንግ ቺንጋ ሁሉም ያስፈራራል።

መልስ፦ በትክክል ነው የሚያስፈራሩት። ይህ ቺንጋ የቫልቮቹንና የፒስተኑን እንቅስቃሴ የሚያቀናጅ የጎማ ቀበቶ ነው። ብዙ ሞተሮች ላይ በ100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየራል፤ ትክክለኛው ልክ በመመሪያው ላይ አለ። በጉዞ ላይ ከተበጠሰ በብዙዎቹ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ። የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩና ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ሰንሰለት ያላቸው ሞተሮች ይህ የላቸውም፤ ሲነሡ ግን ሰንሰለቱ እንዳይንኳኳ አዳምጡ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪናስ?

መልስ፦ ዋጋው ያለው ባትሪው ውስጥ ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያዎቹ ኒሳን ሊፎች ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት ስለሌላቸው በሙቅ አካባቢ የኖሩት ቶሎ ይደክማሉ። ዳሽቦርዱ ላይ ከትልልቆቹ የቻርጅ መሥመሮች ጎን ያሉት ትንንሾቹ የባትሪውን አቅም ያሳያሉ፤ ሲሟሉ 12 ናቸው። ሻጩ ሙሉ ቻርጅ ሲያሳይህ አንተ ትንንሾቹን ቁጠር።

ጥያቄ፦ «ሌላ ገዢ ዛሬ ማታ ይዞት ሊሄድ ነው» ተባልኩ። በችኮላ ቀብድ ልስጥ?

መልስ፦ ይውሰደው። በተለይ ሰነዱን ሳታይ አንድ ሳንቲም አትስጥ። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። በ17 ፊደልና ቁጥር በተሠራው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም፤ ካየሃቸው ወይ ተሳስተህ አንብበሃል ወይ ቁጥሩ ተነካክቷል። የባንክ ዕዳና እገዳ አለመኖሩንም ከሚመለከተው ክፍል አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ገዛሁ! መጀመሪያ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ። ሻጩ ምንም ቢልህ የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮዎቹን ቀይር፤ የፍሬን ዘይቱንም አስፈትሽ። ከዚያ ጎማዎቹ ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብብ፤ 2319 ማለት በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ዐሥር ዓመት ያለፈውን ጎማ አውልቅ፤ ከኋላ ሻንጣ ያለውን መለዋወጫ ጎማ ማየትም አትርሳ፤ ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ያረጀው እሱ ነው።