ቲዘራችን ለምን ክሊፕ መሰለ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፊልም የምንማር አራት ጓደኛሞች ነን። ለመመረቂያችን የአንድ ደቂቃ የወንጀልና አክሽን ፊልም ቲዘር (አጭር ማስተዋወቂያ) ሠራን። ሽጉጥ፣ ጥቁር መነጽር፣ የመኪና ማሳደድ፣ ሁሉም አለበት። ያየው ሰው ሁሉ ግን «የሙዚቃ ክሊፕ ይመስላል» አለን። መምህራችንም «የዘውጉን (የፊልም ዓይነቱን) ልማድ አጥንታችሁ ተመለሱ» ብለውናል። ፊልም እንደሆነ ብዙ አይተናል፤ ማጥናት የሚባለው እንዴት ነው?

መልስ፦ ያያችሁት ዕቃውን ነው፤ ዕቃው የሚሠራው ሥራ ግን አምልጧችኋል። ሽጉጥ ቲዘር ውስጥ የሚገባው አንድ ሰው አደጋ ላይ መሆኑን በአንድ ሾት (ሳይቆረጥ በሚታይ አንድ ቀረጻ) ስለሚናገር ነው። ማን ላይ እንደተደገነ፣ ለምን እንደተደገነ ፍንጭ ከሌለው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ክሊፕ ያስመሰለውም ይኸው ነው።

12 ቲዘር ምረጡ፤ 6 የወንጀል፣ 6 የአክሽን። አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት ወዲህ የወጡ ይሁኑ፤ ልማድ ይለወጣልና። ሙሉ ትሬለር አትቀላቅሉበት። ትሬለር ሁለት ደቂቃ ገደማ ወስዶ የታሪኩን አካሄድ ያሳያል፤ ቲዘር ግን ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ጥያቄ ጥሎ ይወጣል። ዩቲዩብ ላይ አድናቂዎች ከድሮ ፊልም ቀጣጥለው የሚለቁት ስላለ፣ የፊልሙ ስቱዲዮ ወይም አከፋፋይ በራሱ ቻናል ያወጣውን ብቻ ውሰዱ።

እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ እዩት፦ መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ፣ ቀጥሎ ስክሪኑን ሸፍናችሁ በጆሮ ብቻ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም አንድ ላይ። ከዚያ ኤክሴል ክፈቱና ለአንድ ሾት አንድ መስመር ስጡ። ሰዓቱን፣ ርዝመቱን በፍሬም (ቪዲዮው በተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች ቁጥር)፣ ክሎዝ አፕ (ከቅርብ) ይሁን ዋይድ (ሰፋ ብሎ ከሩቅ)፣ የሚታየውንና የሚሰማውን ጻፉ። የመጨረሻው ዓምድ «ተመልካቹ አሁን ምን አወቀ? ምን ተደበቀበት?» የሚል ይሁን። ብዙ ተማሪ ይህን ዓምድ ይዘለዋል፤ የጥናቱ ፍሬ ግን ያለው እዚያ ነው።

ለመቁጠር ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ የ«ኢ» ቁልፍን ስትጫኑ ቪዲዮው አንድ አንድ ፍሬም ይሄዳል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራምም በነፃው ቅጂ ሳይቀር ሾቶቹን ራሱ ይለያል። በዚህ ዘውግ ግን ብዙ ይሳሳታል፤ የተኩስ ብልጭታና የፖሊስ መኪና መብራት ድንገተኛ የብርሃን ለውጥ ስለሚያመጡ አዲስ ሾት እየመሰሉት ይቆርጣል። በዓይናችሁ አርሙት።

አማካይ ብቻ አትውሰዱ። 60 ሰከንድና 40 ሾት ያለው ቲዘር አማካዩ 1.5 ሰከንድ ነው፤ ይህ ቁጥር ግን ምንም አይነግራችሁም። ከፋፍላችሁ ስትቆጥሩት ምናልባት የመጀመሪያው 20 ሰከንድ 6 ሾት፣ መሐሉ 25 ሰከንድ 10 ሾት፣ የመጨረሻው 15 ሰከንድ 24 ሾት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቀስ ብሎ ጀምሮ መጨረሻ ላይ የሚፈጥነው ይህ አካሄድ ራሱ አንዱ ልማድ ነው። እናንተ ከመጀመሪያው ሰከንድ በግማሽ ግማሽ ሰከንድ ከቆረጣችሁ መጨረሻ ላይ የምታፈጥኑት ነገር አይኖራችሁም።

ሁለቱን ዘውጎችም ለዩ። ወንጀል መረጃ ይደብቃል፦ ፊት በጥላ ተሸፍኖ፣ እጅ ብቻ እየታየ፣ ቦርሳ ሲዘጋ ውስጡ ሳይታይ። አክሽን ግን ኃይልን በግልጽ ያሳያል፦ ሩጫ፣ ግጭት፣ የተሰበረ መስታወት። ሁለቱን እኩል እኩል ማድረግ አይሠራም። አንዱ ይምራ፣ ሌላው ይከተል። የእናንተ በጀት ትንሽ ስለሆነ ወንጀሉ ቢመራ እንመርጣለን፤ መደበቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ዚፕ ሲዘጋ በክሎዝ አፕ፣ ድምፁ ብቻውን ጎልቶ፣ ከዚያ ሁለት ሰከንድ ጥቁር ስክሪን። ይህ ሾት የሚፈልገው አንድ ቦርሳና አንድ መብራት ነው።

አንድ ነገር ከ12ቱ በ8ቱ ከታየ ልማድ ብላችሁ ያዙት። ከ4 እስከ 7 ከሆነ አማራጭ ነው፤ ከዚያ በታች የዚያ ፊልም የራሱ ጠባይ ነውና አትቅዱት። ልማዱን ስትወስዱም ሥራውን ወደ ከተማችሁ አምጡት። የመኪና ማሳደድ ሥራው መውጫ የጠፋበትን ሰው ማሳየት ነው። ስለዚህ ባጃጅ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገብታ ፊት ለፊት ጋሪ ቢዘጋባት ያው ሥራ ተሠርቷል፤ ለሐዋሳ ተመልካችም ከተከራያችሁት መኪና ይልቅ ይህ ይቀርበዋል።

ፈጣኑን ክፍል ስትቀርጹ ዋናውን ነገር መሐል ፍሬም ላይ አድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «ማድ ማክስ፦ ፉሪ ሮድ» ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ካሜራማኖቹን ያዘዘው ይህንኑ ነው። ዓይን ከጥግ ጥግ ካልተንከራተተ ግማሽ ሰከንድ የማይሞላ ሾት እንኳ ይነበባል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሆኜ ኤዲቲንግ እሠራለሁ። ቲዘር ስሠራ ቁርጡ ከሙዚቃው ምት ጋር አልገጥም እያለኝ ነው። በላፕቶፕ የሚያስደነግጠው ድምፅ ደግሞ ስልክ ላይ ይጠፋል።

መልስ፦ የሚሠሩት በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ የሙዚቃዎን ፍጥነት ይመልከቱ። በደቂቃ 120 ምት ያለው ሙዚቃ አንዱ ምት 12.5 ፍሬም ላይ ይወድቃል፤ ግማሽ ፍሬም ስለሌለ በየሁለተኛው ቁርጥ ይዛነፋል። 100 ምት ከሆነ በትክክል 15 ፍሬም፣ 125 ከሆነ 12 ፍሬም ይሆናል። በ24 ፍሬም ለሚሠራ ግን 120ው ልክ 12 ላይ ያርፋል። ሁሉንም ቁርጥ ምቱ ላይ አያሳርፉ፤ ተመልካቹ ቀጣዩን ቀድሞ ያውቅብዎታል፣ ያኔም ክሊፕ ይሆናል። ጥቂቶቹን ሁለት ፍሬም ያስቀድሙ፤ አንድ ሁለቱን ምት ደግሞ ያለ ቁርጥ ይለፏቸው።

ስልክ ላይ የሚጠፋው ከ200 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ጉርናኔ መለኪያ) በታች ያለው ጎርናና ድምፅ ነው፤ ትንሽ ስፒከር አያወጣውም። ከ300 እስከ 800 ኸርዝ የሚሰማ የብረት ወይም የበር ድምፅ ይደርቡበት። ድምፁን ከመጠን በላይ ማጮህ አይጠቅምም፤ ዩቲዩብ ወደ −14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ገደማ ያወርደዋል። ምቱ የሚያስደነግጠው ከፊቱ ጸጥታ ሲኖር ስለሆነ፣ ከርዕሱ በፊት አንድ ሙሉ ሰከንድ ሁሉንም ድምፅ ይዝጉ። የተኩስ ድምፅ ከኢንተርኔት ሲያወርዱ የቦታውን ማሚቶ ያስቡ፤ ጠባብ ሰፈር ውስጥ የተተኮሰ ሜዳ ላይ እንደተተኮሰ ከተሰማ ጆሮ ወዲያው ይጠራጠራል።

ጥያቄ፦ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዘን መንገድ ላይ ብንቀርጽ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ከሩቅ የሚያይ ሰው፣ ፖሊስም ቢሆን፣ መጫወቻ መሆኑን አይለይም። አስቀድማችሁ ለወረዳውና በአካባቢው ላለው ፖሊስ ጣቢያ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ፈቃዱን ይዛችሁ ውጡ። የፖሊስ ልብስ ካለበት ለብቻው ፈቃድ ጠይቁ። በቀረጻ መሐል መጫወቻው ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ የሚይዘውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። እውነተኛ መሣሪያ፣ ጥይት የሌለው ቢባልም፣ ቀረጻው ቦታ አይድረስ። መንገድ ላይ መቅረጽ ካልተፈቀደ ደግሞ የተዋናዩን ፊት ቅረጹና ተኩሱን በድምፅ ብቻ አሰሙ፤ ለቲዘር በቂ ነው።