የሆኪ ጌም የምትሠሩ ልጆች፣ ከበረዶው ጀምሩ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ሥራ ላይ ሆኜ አነበብኩት። ከሁለት ጓደኞችህ ጋር የአይስ ሆኪ ጌም እየሠራችሁ እንደሆነ ነግረኸን፣ «እውነተኛውን ጨዋታ እንዲመስልና ሰው ደጋግሞ እንዲጫወተው ምን ያስፈልገዋል? ከግራፊክሱ እንጀምር ወይስ ከሕጉ?» ብለሃል። ከሁለቱም አትጀምሩ፤ ከበረዶው ጀምሩ። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሠኝ።

እኔ ኤድመንተን ካናዳ ውስጥ ባለ አንድ የሰፈር የበረዶ ሜዳ በማታ ፈረቃ እሠራለሁ። በረዶውን የሚያድሰውን ዛምቦኒ የምነዳው እኔ ነኝ። የ11 ዓመት ልጄ እዚያው ይጫወታል፤ ቤት ስንገባ ደግሞ ጆይስቲክ ይዘን እንቀመጣለን። አዲስ አበባ ጌም ቤት ውስጥ ዊኒንግ ኢለቨን የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም እየተጫወትኩ ስላደግኩ፣ ሆኪንም መጀመሪያ እንደ እግር ኳስ ነበር የያዝኩት። መሮጥ፣ ድንገት መቆም፣ ዞር ብሎ እንደገና መሮጥ። ልጄ በተከታታይ ያሸንፈኝ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ራሴ በረዶው ላይ የወጣሁ ቀን ነው።

እሑድ ጠዋት ነበር፤ ሜዳው ባዶ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ገፋ ገፋ አድርጌ ፍጥነት ሳገኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ግራ ልታጠፍ ብዬ ትከሻዬን አዞርኩ፤ እግሬ ግን ወደፊት መሄዱን ቀጠለ። ያቆመኝ አጥሩ ነው። ልጄ እየተንሸራተተ መጣና «አባዬ፣ እዚያ ከመድረስህ በፊት ነው መወሰን ያለብህ» አለኝ።

ጌማችሁን በዚህ አባባል ላይ ሥሩት። የእግር ኳስ ተጫዋች ሐሳቡን በአንድ እርምጃ ይቀይራል። የሆኪ ተጫዋች ለመቆም የጫማውን ስለት ወደ ጎን አዙሮ በረዶውን መፋቅ አለበት፤ ያን ሲያደርግ የሰበሰበውን ፍጥነት ሁሉ ያጣል። ለመታጠፍ ክብደቱን በስለቱ ጠርዝ ላይ ጥሎ ክብ ነገር መሥራት አለበት፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ክቡ ይሰፋል። ስለዚህ ጆይስቲኩን ወደ ግራ ስገፋው ተጫዋቹ ወዲያው ወደ ግራ ከዞረ፣ ማልያው ምንም ያህል ቢያምር ሆኪ አይደለም። የሆኪ ኮከቡን ኮነር ማክዴቪድን ልብ ብላችሁ እዩት። ሌላው ሰው ሲታጠፍ ይቀዘቅዛል፤ እሱ እግሮቹን እያጣለፈ ታጥፎ፣ ፐኩም (የሆኪው ኳስ ማለት ነው) ዱላው ላይ እያለ፣ ጭራሽ ፍጥነት ጨምሮ ይወጣል። መታጠፍ ለሁሉም ተጫዋች ዋጋ ሲያስከፍል ነው የእሱ ዓይነቱ ሰው በጌም ውስጥ የተለየ ሆኖ የሚሰማው። ያለዚያ ከፍ ያለ ቁጥር የተጻፈለት ተራ ተጫዋች ነው።

ቀጥሎ ፐኩ። ወደ 170 ግራም የሚመዝን፣ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ጎማ ነው። በትልልቅ ውድድሮች እንዳይነጥር ከጨዋታው በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። አሁን ከዛምቦኒው ወንበር ሆኜ የማየውን ልንገርህ። ማሽኑ የበረዶውን ገጽ በስሱ ይልጠዋል፣ ያጥበዋል፣ ከዚያ ሙቅ ውኃ በላዩ ያለብሰዋል። ሙቅ የሚሆነው የላይኛውን ገጽ ትንሽ አቅልጦ ከሥሩ ካለው ጋር እንዲጣበቅ ነው። ከሜዳው ስወጣ በረዶው እንደ መስታወት ነው፤ ልጆቹ ቀስ ብለው የነኩት ፐክ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ግን ስለቱ የፋቀው ብናኝ ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ ያው ቅብብል መሐል መንገድ ላይ ይሞታል፣ ፐኩም እየዘለለ ከዱላ ያመልጣል። አሠልጣኞች በክፍለ ጊዜው ማብቂያ ላይ «ቀላል ቀላሉን ተጫወቱ» የሚሉት ለዚህ ነው። ይህን ጌም ውስጥ ማስገባት ብዙ ሥራ አይመስለኝም፤ ከሰዓቱ ጋር የሚለወጥ አንድ የሰበቃ ቁጥር ነው። ግን በ1ኛው ደቂቃ የለመድኩት ቅብብል በ19ኛው ደቂቃ ሲከዳኝ፣ ሜዳው ላይ ያለሁ ያህል ይሰማኛል።

ፐኩን ዱላው ላይ አትለጥፉት። ኢኤ ስፖርትስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ኤንኤችኤል 07 የተባለ ጌም ላይ ዱላውን በጆይስቲኩ ቀኝ ዘንግ (አናሎግ) እንድንቆጣጠር አደረገ። ወደ ኋላ ስትስበው ተጫዋቹ ዱላውን ያነሣል፣ ወደፊት ስትገፋው ይመታል። ከዚያ በፊት መምታት ማለት አንድ ቁልፍ መጫን ነበር። አሮጌ ጌሞችን መሰብሰብ ስለምወድ ሁለቱንም ዓይነት ይዤ አወዳድሬያለሁ። ልዩነቱ ጣቴ ላይ ነው ያለው፤ ዱላውን ለማንሣት የሚፈጀው ጊዜ የኔ ጊዜ ይሆናል፣ በዚያች ቅጽበት ተከላካይ ቢነጥቀኝ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ተሸናፊው ለምን እንደተሸነፈ ሲያውቅ ነው «አንድ ጨዋታ ልድገም» የሚለው።

በረኛው ላይ ብዙ ጊዜ አጥፉ፤ የሆኪ ጌም የሚበላሸው እዚያ ነው። በሰሜን አሜሪካው ትልቅ የሆኪ ሊግ በኤንኤችኤል በረኞች ከአሥር ምት ዘጠኝ ያህሉን ያድናሉ። ስለዚህ የተጫዋቹ ሥራ አሥረኛዋን መፈለግ ነው፤ ፍለጋው ነው ደስ የሚለው። አንድ ዓመት የገዛነው ጌም ላይ ፐኩን በጎሉ ፊት ከግራ ወደ ቀኝ አሻግሮ ሳያቆሙ መምታት ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይገባ ነበር። በሳምንቱ እኔም ልጄም ከዚያ ሌላ ምንም አንሠራም ነበር፤ በወሩ ጌሙን አስቀመጥነው። እውነት ነው፣ ሜዳ ላይም ይህ ምት አደገኛ ነው። ነገር ግን ተሻጋሪውን ፐክ የተከላካይ ዱላ ይነካዋል፣ መቺው ራሱ ይስታል፣ በረኛው ደግሞ አንዳንዴ ቀድሞ አንብቦት ይንሸራተታል።

መፍትሔው በረኛውን ማጠንከር አይደለም። ለተጫዋቾቹ ያወጣችሁትን የበረዶ ሕግ ለእሱም አውጡለት። ወደ ቀኝ ከተወረወረ ወዲያው ወደ ግራ መመለስ አይችልም። ፊቱ ሰው ከቆመበት ፐኩን አያይም፤ ካላየ ዘግይቶ ይንቀሳቀስ። መትቶ የሚመልሰው ፐክም በዕጣ ሳይሆን እግሩን በነካበት ማዕዘን ይውጣ። ከጎሉ ጀርባ ያለውን ቦታም አትርሱ። እግር ኳስ ላይ ከጎሉ ጀርባ ውጭ ነው፤ ሆኪ ላይ ግን ጨዋታው ይቀጥላል። ስመ ጥሩው የሆኪ ተጫዋች ዌይን ግሬትስኪ እዚህ ኤድመንተን ሲጫወት ቤቱ ያደረገው ያንን ቦታ ነበር። በረኛው አንገቱን አዙሮ እሱን ሲጠብቅ ፐኩ ፊት ለፊት ለቆመው ጓደኛው ይደርሳል። በረኛችሁ ዓይን ካለው ይህ ሁሉ ማንም ሳይጽፈው ራሱ ይመጣል።

ድካምንም የምር አድርጉት። አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ አካባቢ ነው፤ ቅያሪው ጨዋታው ሳይቆም ነው የሚካሄደው። በ2ኛው ክፍለ ጊዜ ቡድኖቹ ጎል ስለሚቀያየሩ የተጠባባቂው ወንበር ከተከላካዮቹ ይርቃል፤ የደከመ ሰው ለመቀየር ረጅም መንገድ አለበት። በዚያ ላይ ኤንኤችኤል ውስጥ ከመሐል መስመር ወዲህ ሆኖ ፐኩን እስከ ተቃራኒው ጎል መስመር ዝም ብሎ የሰደደ ቡድን፣ ጨዋታው ሲቆም ተጫዋች መቀየር አይፈቀድለትም። ስለዚህ ለመገላገል ብለህ የሰደድከው ፐክ አምስት የደከሙ ሰዎችህን ትኩስ ከሆኑ አምስት ሰዎች ፊት ያቆምብሃል። ልጄ እኔን የሚያሸንፈኝ እስከ ዛሬ እዚህ ላይ ነው። እኔ ጎል ፈልጌ ሰዎቼን ሜዳ ላይ አቆያለሁ፤ እሱ ዝም ብሎ ይቀይራል።

ስለ ተጫዋቾች ፊትና ስለ ኮሜንታተር አትጨነቁ። ኔንቲዶ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው አይስ ሆኪ ላይ ያሉት ተጫዋቾች ሦስት ዓይነት ብቻ ናቸው፦ ፈጣን ግን ደካማ ቀጭን፣ ቀርፋፋ ግን ጠንክሮ የሚመታ ወፍራም፣ በመሐል ያለ መካከለኛ። አራት ተጫዋች ከእነዚህ መርጠህ ትገባለህ። ልጄና እኔ የዛሬውን ዘመናዊ ጌም ዘግተን እሱን የምንከፍትበት ቀን አለ፤ ምርጫው ወዲያው ሜዳው ላይ ይታያላ። ድብድብንም ቢሆን ለመጨረሻ አቆዩት። ኤንኤችኤል 94 ድብድብን አውጥቶ፣ ሳያቆሙ መምታትን አስገብቶ ነው የመጣው፤ ይኸው እስከ ዛሬ የሚወዳደሩበት ሰዎች አሉ።

አንድ አጥብቄ የምነግርህ ነገር ድምፅ ነው። ስለት በረዶ ሲፋቅ፣ ፐክ አጥሩን ሲመታ፣ ቋሚው ብረት ሲጮህ። ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ አጥር የነካውን ቋሚ ከነካው እለያለሁ። ማክሰኞ ማታ ከአምስት ሰዓት በኋላ ሜዳው ባዶ ነው፤ ልጄ አልፎ አልፎ እዚያ ይለማመዳል። በስልኬ እየቀዳሁ ልልክልህ እችላለሁ፤ ከአዲሱ በረዶ ላይ አንድ፣ ብናኝ ከሞላው ላይ አንድ። ስንት ደቂቃ እንደሚበቃችሁ ብቻ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።