ማስተማር ለጀመራችሁ ልጆች፦ ኮርስ አውትላይኑን ከመጻፋችሁ በፊት ላይብረሪ ግቡ

ሰሞኑን አንድ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረ የሰፈራችን ልጅ ቤት መጥቶ "ጋሼ፣ እኛ ግቢ ላይብረሪ ውስጥ እኮ ምንም የለም፣ ሃንድአውት ሰርቼ ቴሌግራም ላይ ብለቅላቸው አይሻልም?" አለኝ። ገብተህ አይተሃል ወይ ስለው "አይ፣ ሲሉ ሰምቼ ነው" አለ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ክፉ ነገርም አልተናገረም፣ ግን "ምንም የለም" የሚለው ነገር እኔን ድሮ የቆጨኝን ነገር ቀሰቀሰብኝና ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፣ ለእናንተም የምጽፈው ለዚህ ነው።

በ80ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ክፍለ ሀገር አንድ ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ ሰርኩሌሽን፣ ማለትም መጽሐፍ የሚያውሰው ክፍል፣ እሰራ ነበር፣ ስሙን ልተወው። ያኔ ላይብረሪው ክሎዝድ ነው፣ ተማሪ ሼልፍ ጋ አይደርስም። የካታሎግ ካርዱን ከመሳቢያ እያገላበጠ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በመስኮት ይሰጠናል፣ እኛ ገብተን እናወጣለን። ለጄኔቲክስ ኮርስ የነበረን መጽሐፍ አንድ ኮፒ ነው። ተማሪው ከመቶ በላይ። ስለዚህ ሪዘርቭ ተደረገ፣ መታወቂያ ተይዞ ለሁለት ሰዓት ብቻ፣ እዛው ተነቦ የሚመለስ። ፎቶኮፒ ከተማ ውስጥ ነበር፣ ግን ዋጋውን የሚችለው ተማሪ ጥቂት ነው። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ አንዱ ጨክኖ ዲያግራም ያለባቸውን ገጾች በምላጭ ቆርጦ ወሰዳቸው።

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ከገጠር የመጣች፣ ዝምተኛ። ሌላው ምሳ ሊበላ ካፌ ሲሰለፍ እሷ የኛ መስኮት ጋ ትሰለፋለች፣ ምክንያቱም ያ ሰዓት ብቻ ነው መጽሐፉ ነጻ የሚሆነው። ታዲያ ማንበብ ብቻ አይደለም፣ እንዳለ ደብተሯ ላይ ትገለብጠዋለች፣ ስዕሉን ሳይቀር በእርሳስ እያሰመረች። አንድ ቀን አልፌ ሳይ የተቆረጠው ገጽ ጋ ስትደርስ ደብተሯ ላይ ልክ የስዕሉን ያህል ባዶ ቦታ ትታለት፣ ከስሩ የስዕሉን ቁጥር ጽፋ ወደሚቀጥለው አለፈች። አንድ ቀን አገኘዋለሁ ብላ ነው። "ጋሼ፣ ሌላ ኮፒ አይመጣም?" ትለኛለች። ምን ልበላት።

ምክንያቱም ንብረት ክፍል መጋዘን ውስጥ ከውጭ በእርዳታ የመጡ የመጽሐፍ ካርቶኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረው ነበር። ሲወርዱ አይቻለሁ፣ አንዱ ጎኑ ተቀዶ የባዮሎጂ መጽሐፍ ይታያል። ለምን አይወጡም? ሞዴል 19፣ ማለትም የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ አልተቆረጠላቸውም። ለምን አይቆረጥም? ነጠላ ዋጋ የላቸውም፣ ስጦታ ስለሆኑ ኢንቮይስ የለም። እሺ ዋጋ የሚገምት ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ፣ ተቋቋመ፣ ሰብሳቢው ለትምህርት ሄደ፣ ይተካ ተባለ፣ ክረምት ገባ። እኔም ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ቢሮ ድረስ እየሄድኩ ለመንኩ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ሳይመዘገብ ቢያወጣና አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ከደሞዙ ነው የሚቆረጠው፣ ስድስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነበር። አገራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚቆለፍበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፣ የጠፋ መጽሐፍ ያስጠይቃል፣ ያልተነበበ መጽሐፍ ግን ማንንም አያስጠይቅም።

ካርቶኖቹ የተከፈቱት እነዛ ልጆች ተመርቀው ከሄዱ በኋላ ነው። የታችኞቹ ጣሪያ አፍስሶባቸው ሻግተዋል፣ ምስጥም ገብቷል። ብዙው ለኛ የማይሆን ነበር፣ ኮሌጁ የማይሰጠው ትምህርት። ከደህናዎቹ መሃል ግን ያው የኛው የጄኔቲክስ መጽሐፍ፣ ያውም አዲሱ ኤዲሽን፣ ካርቶን ሙሉ። ያቺ ልጅ ባዶ የተወችለትን ስዕል ገልጬ አየሁት። እስከዛሬ ያንገበግበኛል፣ የት እንደደረሰች እንኳን አላውቅም።

ከሁሉ የሚብሰኝ ደግሞ የኮርሱ መምህር ይሄን ሁሉ አያውቅም ነበር። ጥሩ ሰው ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ግን ላይብረሪ አይገባም፣ ኖት እያስጻፈ ነው ያስተማረው። የላይብረሪ ሰራተኛ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይቀራል። መምህር ግን ዲኑ ጋ ገብቶ "ኮርሴ ሊቆም ነው" ቢል ኖሮ ካርቶኑ በሳምንት ይከፈት ነበር፣ ይሄን በእርግጠኝነት ነው የምላችሁ። የናንተ ቃል እንደኛ ቃል አይደለም፣ አቅማችሁን እወቁ።

ዛሬ ካርቶኑ ፓስወርድ ሆኗል። ሪሰርች ፎር ላይፍን፣ ለታዳጊ አገር ተቋማት የጥናት ጆርናል በኢንተርኔት የሚያቀርበውን፣ ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? የጤናው ክፍል ሂናሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው፣ የግብርናው አጎራ ቀጥሎ መጣ፣ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ውስጥ ናት፣ በገንዘብ ቢሆን የማይቀመስ ጆርናል ነው እዛ ውስጥ ያለው። ግን የሚመዘገበው ተቋሙ ነው፣ ዩዘር ኔሙና ፓስወርዱ ያለው ብዙ ጊዜ ላይብረሪያኑ ጋ ነው፣ መምህሩ ደግሞ አይጠይቅም። መማሪያ መጽሐፍ ከሆነ ኦፕንስታክስ የሚባል የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው አለላችሁ፣ ባዮሎጂ በሉት ሳይኮሎጂ በሉት ፊዚክስ፣ ሙሉ መጽሐፉ በፒዲኤፍ በነጻ፣ ላይሰንሱ ለተማሪ አትሞ መስጠትንም ይፈቅዳል። የአገራችን ጆርናሎች፣ እንደ ኬሚካል ሶሳይቲው ቡሌቲን ያሉት፣ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ አሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦፕን አክሰስ ፖሊሲ ደግሞ በመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰራ ጥናት ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል፣ ስለዚህ የናንተ ተማሪዎች ቴሲስም አቧራ መጠጣት የለበትም። ኔትወርክ የለም እንዳትሉኝ፣ የግቢያችሁን አይሲቲ ልጆች ለምኑና የወረደውን ሁሉ ሎካል ሰርቨር ላይ አስጫኑ፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም በግቢው ዋይፋይ ይከፈታል። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያን እንዳለ ኦፍላይን ማስቀመጥም ይቻላል።

ወሬን ወሬ ያነሳዋልና፣ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ገነተ ልዑል ቤተ መንግስት ውስጥ ያለው። በ1963 እ.ኤ.አ. ሲመሰረት ላይብረሪውንም ሙዚየሙንም ያደራጀው ስታኒስላው ቾይናትስኪ የሚባል ፖላንዳዊ ነው፣ ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ላይብረሪያን የነበረ። ማንም ገና ያልጠየቀውን ነገር ይሰበስብ ነበር፣ ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ሰው ከመላው ዓለም እዛ ይመጣል። ለኔ ላይብረሪያን ማለት እንደዛ ያለ ሰው ነው፣ እናንተ ግን አብዛኞቻችሁ ቁልፍ ያዥ ነው የሚመስላችሁ።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፣ ኮምፒውተሩን እኛ በዓመት የማንለምደውን በቀን ትለምዱታላችሁ። ፍለጋ ላይ ግን ትዕግስት የላችሁም፣ ጉግል መጀመሪያ ገጽ ላይ ካልወጣ የሌለ ይመስላችኋል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ የሰጣቸውን የአርቲክል ርዕስ ይዘው ላይብረሪ ሄደው "ይሄን ፈልጉልን" የሚሉ አሉ ብለው የቀድሞ ባልደረቦቼ ይነግሩኛል፣ ሲፈለግ እንዲህ የሚባል አርቲክል አልተጻፈም።

ሃንድአውት አልወድም። ተማሪውን ካንድ ሰው ጭንቅላት በላይ እንዳያይ ያደርገዋል፣ ያንኑ ቸክሎ ፈተና ላይ ይገለብጥላችኋል፣ ኤግዚት ኤግዛም፣ ያ የመመረቂያው ፈተና፣ ከመጣ ወዲህማ ጭራሽ ከሞጁልና ከድሮ ጥያቄ ውጪ መንካት ቀረ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ ደህና ሃንድአውት ቢኖር ያቺ ልጅ ምሳዋን ትበላ ነበር። ስለዚህ ስሩላቸው፣ ቴሌግራሙም ላይ ልቀቁላቸው፣ መልሱን ሁሉ ግን እዛ ላይ አትጨርሱት። ኤችዲፒ በሚባለው የመምህራን ስልጠና ላይ ስለ አክቲቭ ለርኒንግ፣ ተማሪው ራሱ እየተሳተፈ ስለሚማርበት ዘዴ፣ ስትሰለጥኑ በቡድን አስቀምጡ ይሏችኋል፣ አምስት ልጅ ክብ ሰርቶ ተቀምጦ አምስቱም ያነበቡት ያንኑ ስላይድ ከሆነ ምን ይከራከራሉ? አንዱን አንድ ምዕራፍ፣ ሌላውን አንድ የአገር ውስጥ ጆርናል አስነብቡት፣ ያኔ ክፍሉ ውስጥ ክርክሩ ራሱ ይመጣል።

ለሰፈሬ ልጅ የነገርኩትን ለናንተም ልንገራችሁ። ሴሚስተሩ ሳይጀመር አውትላይኑን ይዛችሁ ላይብረሪያኑ ጋ ቁጭ በሉ። ከዘረዘራችሁት ሪፈረንስ የትኛው ሼልፍ ላይ እንዳለ፣ የትኛው አንድ ኮፒ ብቻ እንደሆነ፣ የትኛው መጋዘን እንደቀረ አብራችሁ እዩ። የሌለውን ከአውትላይኑ አውጡት፣ ተማሪ የማያገኘውን መጽሐፍ መዘርዘር ልጁን ማድከም ነው። መጋዘን የቀረ ካለ ደብዳቤውን በዲፓርትመንታችሁ ስም ጻፉ፣ ግልባጩን ለዲኑ አድርጉና በየሳምንቱ ሄዳችሁ የት ደረሰ በሉ፣ ኮሚቴ ካልተሟላ ደግሞ ራሳችሁ አባል ሆናችሁ ግቡበት።