ሲኤ 125 ከፍ አለ ማለት ካንሰር ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ምንም ሳያመኝ አንድ የግል ላብራቶሪ ሄጄ ሙሉ ቼክአፕ አደረግኩ። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ 68 ሆነ፤ ወረቀቱ ከ35 በታች መሆን አለበት ይላል። ኢንተርኔት ላይ ሳየው የኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ካንሰር አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እህቴንም ላስመርምራት? ደሙን የሰጠሁት የወር አበባዬ በመጣ በማግስቱ ነው፤ ሁሌም በጣም ይበዛብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናውን ነገር የጻፍሽልኝ መጨረሻ ላይ ነው። ሲኤ 125 ደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን ነው፤ በወር አበባ ሰሞን ይጨምራል። በእርግዝና፣ በማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕጢ)፣ በኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ሲበቅል)፣ በጉበት በሽታም ከፍ ይላል። በእኛ አገር ደግሞ የሆድ ዕቃ ቲቢ አለ። ሆዷ ውሃ ቋጥሮ፣ ቁጥሩ ብዙ መቶ ገብቶ፣ ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጦ ሳለ ናሙናው ቲቢ የሆነባት ታካሚ አይቻለሁ። በቲቢ መድኃኒት ዳነች። ካንሰር የሚረጋገጠው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ በዚህ ቁጥር ብቻ ማንም ካንሰር አለብሽ ሊልሽ አይችልም።

የወር አበባሽ ሲያልቅ የማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂና አልትራሳውንድ ተነሺ። ደም የሚበዛብሽ በማዮማ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ራሱ መታየት አለበት። የደም ማነስ እንዳለብሽም ይታይልሽ። ሲኤ 125ን ያኔ መድገም ይቻላል።

ቁጥሩ ኖርማል መሆኑም ዋስትና አይደለም። የኦቫሪ ካንሰር ገና ሲጀምር ግማሽ ያህሉ ሴቶች ላይ ቁጥሩ አይጨምርም። ሆዷ ለሳምንታት የሚነፋ፣ ትንሽ ቀምሳ የምትጠግብ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያጣድፋት ሴት፣ በተለይ ዕድሜዋ ከ50 በላይ ከሆነ፣ ወረቀቱ ምንም ቢል ሐኪም ይያት።

ምርመራው ጥሩ የሚሠራው ካንሰሩ ታውቆ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ነው። ቁጥሩ ሲወርድ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን እናያለን። ጤነኛ ሰው ላይ በቼክአፕ ስም መደርደሩ ግን ያናድደኛል። ገንዘብም እንቅልፍም ይወስዳል።

እህትሽ ምልክት ከሌላት ይቅርባት። በብሪታንያ ከ200,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ፣ በየዓመቱ ሲኤ 125 መለካት በኦቫሪ ካንሰር የሚሞቱትን አልቀነሰም። በቤተሰባችሁ የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር የያዘው ሰው ካለ ግን ለሐኪም ንገሩ። 30 ዓመት ከሞላት የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ታድርግ፤ ጤና ጣቢያ ይሰጣል። አንቺም ካላደረግሽ አብራችሁ ሂዱ።