መስኮቱን ከማሸግዎ በፊት አሸንዳውን ይመልከቱ

ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እህት የላኩልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «በ1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት ገዝተናል። ምድር ቤቱ ሦስት ትንንሽ የብረት መስኮቶች አሉት፤ ሦስቱም ግማሽ አካላቸው ከመሬት በታች ነው። ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር በአንደኛው በኩል ውሃ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። በጥር ብርድ ደግሞ በሁሉም በኩል ነፋስ ይገባል፤ መስተዋቱም ጠዋት ጠዋት ያልበዋል። ሁለት ጊዜ ከውስጥ ሲሊኮን ቀባን፤ አልቆመም። የባለቤቴ ወንድም ሁሉንም በብሎኬት ድፈኗቸው ይላል። በአንደኛው ክፍል ውስጥ ግን የእህቴ ልጅ ይተኛል። ምን ይሻለናል?»

እህቴ፣ ሲሊኮኑን ያስቀምጡት። ለጊዜው ምንም አይግዙ። በሚቀጥለው ከባድ ዝናብ ጃንጥላ ይያዙና ወደ ውጭ ወጥተው ውሃ በሚያስገባው መስኮት አጠገብ አሥር ደቂቃ ይቁሙ። መልሱን ከእኔ በፊት የሚነግርዎ ዝናቡ ነው። ውሃው ከአሸንዳው ጠርዝ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው? ከአሸንዳው ቱቦ ጫፍ ወጥቶ በግድግዳው ሥር እየተኛ ነው? ወይስ ከሣሩ ላይ ተንሸራቶ ወደ ቤቱ እየመጣ ነው? እኔ ከገባሁባቸው ምድር ቤቶች በአብዛኞቹ ጥፋቱ የመስኮቱ አልነበረም። መስኮቱ የግድግዳው ዝቅተኛ ቀዳዳ ስለሆነ ብቻ ሌላ ቦታ የተበላሸው ነገር በእሱ በኩል ይታያል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,500 ሊትር ውሃ ይሰበሰባል። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ ወይም ቱቦው ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ ይህ ሁሉ ውሃ መሠረትዎ ዙሪያ ይከማቻል ማለት ነው። በዚያ ላይ በአካባቢዎ የሚበዛው ቀይ ሸክላማ አፈር ውሃን ቶሎ አያሰርግም። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ወደተቆፈረው ጉድጓድ ይገባል፤ ጉድጓዱ ይሞላል፤ ከደፉ በላይ ሲደርስ ወደ ቤት ይዘልቃል። በዚያን ጊዜ የትኛውም ሲሊኮን አያቆመውም።

ስለዚህ ሥራው ከላይ ይጀምር። አሸንዳውን በዓመት ሁለት ጊዜ ያስጠርጉ፤ በተለይ ቅጠል ረግፎ ካለቀ በኋላ ያለውን ጊዜ አይለፉት። የአሸንዳው ቱቦ ጫፍ ላይ ማራዘሚያ አድርገው ውሃውን ከግድግዳው ቢያንስ ከስድስት ጫማ በላይ ያርቁት። ማራዘሚያው ከሠላሳ ዶላር ብዙም አይበልጥም፤ እኔ ግን ከእሱ ቀድሞ በሺህ የሚቆጠር ገንዘብ ለውሃ መከላከያ የወጣባቸው ቤቶች አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ቀጥሎ መሬቱ። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ የሚጠይቀው በመጀመሪያው 10 ጫማ ውስጥ መሬቱ 6 ኢንች ዝቅ እያለ ከቤቱ እንዲርቅ ነው። ሰባ ዓመት በቆየ ቤት ዙሪያ አፈሩ ስለሚረግብ ተዳፋቱ ብዙ ጊዜ ወደ ቤቱ ዞሮ ይገኛል። ረጅም ጣውላ መሬቱ ላይ አጋድመው ውሃ ልክ ያስቀምጡበት፤ ወዲያው ይታይዎታል። የጎደለውን ሲሞሉ አሸዋ ወይም ለአትክልት የሚሸጠውን ልል አፈር ሳይሆን ሸክላማ አፈር ተጠቅመው በደንብ ይጠቅጥቁት። አፈሩ ግን ጡቡን ወይም የመስኮቱን ደፍ እስኪነካ አይከመር።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንምጣ፤ ዋናው የእጅ ሥራ ያለው እዚህ ነው። በመስኮቱ ፊት ለፊት በግማሽ ክብ ቅርጽ የቆመው፣ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበው ብረት አፈሩን ከመስኮቱ የሚያርቅ ግድግዳ ነው። ሦስት ነገር ይመርምሩ። የላይኛው ጠርዙ ከመሬቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ከመሬት እኩል ከሆነ የሣሩን ውሃ ሁሉ ይጠጣል። ሁለቱ ጎኖቹ ከግንቡ ጋር ተጣብቀው መታሰር አለባቸው፤ አፈሩ ሲረግብ ብረቱን ጎትቶ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል፤ ጭቃና ውሃ የሚገባውም በዚያ ነው። ሦስተኛው የወለሉ ከፍታ ነው። ለዓመታት የወደቀው ቅጠልና አፈር ተከማችቶ ብዙ ጊዜ ከመስኮቱ ደፍ እኩል ይሆናል። ያንን በአካፋ ያውጡና ንጹሕ ጠጠር ይሙሉበት፤ የጠጠሩ አናት ግን ከደፉ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል።

ስለ ጠጠሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጠጠር ውሃ አያጠፋም፤ ውሃው ወደ ታች የሚሄድበት ቱቦ ከሌለ በሸክላማ አፈር ውስጥ የተቆፈረ ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ጠጠር የሞላው ባልዲ ነው። በደንብ የተሠራ ጉድጓድ ከሥሩ ወደ መሠረቱ ማፋሰሻ ወይም ወደ ዝቅተኛ ሜዳ የሚወስድ ቱቦ አለው። በእርስዎ ቤት ዕድሜ ግን ያ ማፋሰሻ ብዙ ጊዜ ወይ ተደፍኗል ወይ ከመጀመሪያውም አልተሠራም። አንድ ባልዲ ውሃ ጠጠሩ ላይ አፍስሰው ይጠብቁ። በደቂቃዎች ውስጥ ካልሰረገ ትኩረትዎ ሁሉ ውሃው ጉድጓዱ ጋር እንዳይደርስ በማድረግ ላይ ይሁን፤ ከላይ ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን ይግጠሙለት። ለመቆፈር ከተነሱ ደግሞ ጥቂት ቀናት ቀድመው ወደ 811 ይደውሉ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ ባለሙያዎች መጥተው የጋዙን መስመር በቢጫ፣ የኤሌክትሪኩን በቀይ፣ የውሃውን በሰማያዊ ቀለም መሬቱ ላይ ያሳዩዎታል። ዶማ የጋዝ ቱቦ ሲመታ አይቻለሁና ይህን እንደ ቀልድ አይውሰዱብኝ።

አሁን ስለዚያ ከውስጥ ስለተቀባው ሲሊኮን። አንድ ጊዜ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ እንዲህ ያለ መስኮት እንድጠግን ተጠርቼ ሄድኩ። ከውስጥ በኩል አንዱ በሌላው ላይ የተቀባ ሦስት ንብርብር ሲሊኮን ነበር፤ በቢላዋ ስልጠው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተራ በተራ ተነሣ። ከሥሩ ያለውን የእንጨት መቃን በመፍቻ ጫፍ ነካሁት፤ መፍቻው እስከ እጀታው ገባ። ውሃው ከውጭ መግባቱን አላቋረጠም ነበር፤ መውጫው ስለተዘጋ ብቻ እንጨቱ ውስጥ ተቀምጦ ሲያበሰብሰው ኖሯል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ውሃን የምናቆመው ከውጭ ነው፤ ከውስጥ የምናሽገው ነፋስን ብቻ ነው።

የእርስዎ መስኮቶች ብረት ስለሆኑ ጠላታቸው ዝገት ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ በዙሪያው ያለውን ሲሚንቶ ይሰነጥቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ዝገቱ ይብሳል። በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ጸረ ዝገት ቀለም መቀባት ይበቃል፣ መቃኑ ገና ካልተበላ። ነገር ግን ቤትዎ ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ሳያስመረምሩ በደረቁ አይፈግፍጉት፤ አቧራው በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው። ስንጥቁን በሲሚንቶ ከሞሉ በኋላ በመቃኑና በግንቡ መካከል ያለውን መስመር ከውጭ በፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ያሽጉ። ክፍተቱ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ከሆነ መጀመሪያ ክብ የስፖንጅ ገመድ ይጠቅጥቁበት፤ አለበለዚያ ማሸጊያው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ በአንድ ዓመትም ይላቀቃል። ግንቡ ደረቅ ይሁን፤ ቀኑም ብርድ አይሁን።

መቃኑ ተበልቶ ካለቀ በፕላስቲክ መቃን ይቀይሩት። ልኩን በሦስት ቦታ ይውሰዱና በትንሹ ይዘዙ። የፕላስቲክ መስኮት በታችኛው የውጭ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ የገባ ውሃ እንዲወጣባቸው ሆን ተብሎ የተሠሩ ናቸው። ስሕተት መስሏቸው በሲሊኮን የሚደፍኗቸው ሰዎች አሉ። እባክዎ አይንኳቸው።

ስለ ላቡ ልጠይቅዎ፦ እንጀራ የሚጋግሩት ምድር ቤት ውስጥ ነው? እዚህ አገር አብዛኞቻችን ሽታውንና እንፋሎቱን ፈርተን የኤሌክትሪክ ምጣዱን ወደ ታች አውርደነዋል። ሠላሳ እንጀራ የሚያወጣው እንፋሎት ደግሞ ቀዝቃዛው መስተዋት ላይ ሄዶ ውሃ ይሆናል፤ እሱም ደፉ ላይ ተጠራቅሞ የዝናብ ፍሳሽ ይመስላል። ለመለየት መስተዋቱ ሳይሆን ግድግዳው ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ ክንድ የሚያህል ፕላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፈው አንድ ሁለት ቀን ይተዉት። ጠሉ በክፍሉ በኩል ካለ የቤቱ እንፋሎት ነው፤ ከግድግዳው በኩል ካለ ከአፈሩ የመጣ ነው። የቤቱ ከሆነ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያና እርጥበት መጣጭ ማሽን ያስፈልግዎታል እንጂ ማሸጊያ አይደለም።

ወደ ብርዱ ልለፍ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ሄዶ በጣሪያው በኩል ይወጣል፤ በምትኩ ቀዝቃዛው ከታች ይሳባል፤ ለዚህ ነው ነፋሱ ምድር ቤት ላይ የሚበረታው። ነፋስ ባለበት ቀን የጋዝ ማሞቂያዎቹን ለጊዜው አጥፍተው በሮችንና መስኮቶችን ሁሉ ይዝጉ፤ የወጥ ቤቱንና የመታጠቢያ ቤቱን ማራገቢያ ያስነሡ። ከዚያ እጣን ያጭሱና ጭሱን ቀስ ብለው በመቃኑ ዙሪያ ያዙሩት። ጭሱ የሚሰበርበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ከመስኮቱም ከፍ ብለው የእንጨቱ ወለል ግንቡ ላይ ያረፈበትን መስመር በጭሱ ይከተሉ፤ ሰዎች የመስኮት ነው የሚሉት ብርድ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው።

የሚከፈተውን ክፍል በጎማ ማሸጊያ ያብጁት፤ የስፖንጁ ቶሎ ይሟሽሻል፣ ጎማው ይቆያል። በመቃኑና በግንቡ መካከል ከውስጥ የሚሞላ ፎም ሲገዙ ለመስኮትና ለበር ተብሎ የተሠራውን ብቻ ይምረጡ፤ ሌላው ሲያብጥ መቃኑን ያጣምመዋል፣ መስኮቱም አልከፈት ይላል። ለአንድ ብርዳም ወቅት ብቻ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ የሚወጠረው ቀጭን ፕላስቲክ ጥሩ ነው፤ የልጁን ክፍል መስኮት ግን በእሱ አይሸፍኑት። ምድር ቤቱ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካለዎት ቤቱን ካሸጉ በኋላ ጭስ መውጫው በትክክል መሳቡን ባለሙያ ይይልዎት፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ይስቀሉ።

በብሎኬት ስለ መድፈኑ፦ ሰው የማይተኛበት ክፍል ከሆነ አልቃወምም፤ ብርሃን እንዳያጡ ከፈለጉ የመስተዋት ብሎኬት አለ። የእህትዎ ልጅ የሚተኛበትን ግን እንዳይነኩት። እሳት ቢነሣና ደረጃው ቢዘጋ ያ መስኮት የልጁ በር ነው። ደንቡ ለመኝታ ክፍል ማምለጫ መስኮት የሚጠይቀው ሲከፈት በአጠቃላይ 5.7 ካሬ ጫማ (ከመሬት እኩል ወይም በታች ለሆነ መስኮት 5 ካሬ ጫማ) ነጻ ቀዳዳ፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች፣ ስፋቱ ከ20 ኢንች የማያንስ፣ ደፉም ከወለሉ ከ44 ኢንች የማይበልጥ ሆኖ ነው። እርስዎ ትንንሽ ካሏቸው መስኮቶች አንዱም ይህን የሚያሟላ አይመስለኝም። የጉድጓዱ ክዳንም ቁልፍና መፍቻ ሳያስፈልግ ከውስጥ በእጅ ተገፍቶ መነሣት አለበት።

ማስፋቱ ግንብ መቁረጥ ስለሆነ የካውንቲው ፈቃድና መሐንዲስ ይጠይቃል፤ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ አይደለም። እስከዚያው ልጁን ወደ ላይኛው ፎቅ ያውጡት፤ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይም ቢሆን ይተኛ።