መልስ፦ ኒል ያንግ ያለ ክሬዚ ሆርስ

ሰላም ወንድሜ፣ የሮክ ዘፋኙ ኒል ያንግ የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) አልበም «ዘ ሞንሳንቶ ይርስ» (ሞንሳንቶ የዘር ኩባንያ ነበር) ያለ ነባር አጃቢ ባንዱ፣ ያለ ክሬዚ ሆርስ ይሰማል ወይ ላልከው፦ ይሰማል፤ ያውም በአዲሱ ባንድ ምክንያት።

ያንግ ያኔ 69 ዓመቱ ነበር። ያጀቡት ፕሮሚስ ኦፍ ዘ ሪል የሚባሉ ወጣቶች ናቸው፤ መሪያቸው ሉካስ ኔልሰን፣ ወንድሙ ማይካም አብሮ አለ። አባታቸው፣ የካንትሪ ዘፋኙ ዊሊ ኔልሰን፣ ከያንግና ከዘፋኙ ጆን ሜለንካምፕ ጋር በ1985 ለገበሬዎች መርጃ የሚሆነውን የሙዚቃ ድግስ ፋርም ኤይድን የመሠረተ ሰው ስለሆነ የገበሬ ጉዳይ ለልጆቹ የቤት ወሬ ነው።

የተቀዳው ካሊፎርኒያ፣ ኦክስናርድ በሚገኝ የድሮ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። ክሬዚ ሆርስ ዝግ ብሎ ይከብዳል፤ እነዚህ ቀለል ይላሉ። ሦስቱ ጊታሮች ሲገጥሙ ግን ሽማግሌው ራሱ የታደሰ ይመስላል። ከ8 ደቂቃ በላይ የሚሄደውን «ቢግ ቦክስ» ድምፁን ከፍ አድርገህ ስማው።

ግጥሙ ላይ ቅር ይለኛል። ስለ ዘር ፓተንት (ኩባንያ በዘር ላይ ስለሚይዘው የባለቤትነት መብት) እና ስለ ቡና ቤቶቹ ኩባንያ ስታርባክስ ሲዘፍን አንዳንዱ ስንኝ የሰልፍ መፈክር ይሆናል (እሱም የሚደብቀው አይመስለኝም)። «ዎርኪን ማን» ይሻላል፤ በ2013 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሞንሳንቶ የተረታውን የኢንዲያና አኩሪ አተር ገበሬ ስለሚያነሳ ቁጣው ባለቤት አለው። «ወልፍ ሙን» ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ከሱ ጀምር። ከጣመህ ከዚሁ ባንድ ጋር በ2017 ያወጣው «ዘ ቪዚተር» አለልህ።